የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ከቤተሰብ ጋር አንድ ቀን በዓለም ኤክስፖ

ስለ ዓለም ኤክስፖ ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል ለዚህ ዕትም ሦስቱን መርጠናል። ጠያቂዎቹ የሚኖሩት በተለያየ አገር ቢሆንም ሦስቱም ልጆቻቸውን ይዘው ለመሄድ ያሰቡ ወላጆች ስለሆኑ መልሶቹን በአንድ ላይ አቅርበናል። «ዓ.ም.» ተብሎ ካልተጻፈ በቀር ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ እኔና ባለቤቴ ኑሯችንን ሪያድ ካደረግን ብዙ ጊዜ ሆኖናል። በ2030 የዓለም ኤክስፖ እዚሁ ከተማ እንደሚካሄድ ከሰማን ወዲህ ልጆቻችን ስለ እሱ መጠየቅ አላቆሙም። ያን ጊዜ ትልቋ አሥራ ሁለት፣ ትንሹ ስድስት ዓመት ይሆናቸዋል። እናቴንም ከደሴ አስመጥቼ አብራን ብታይ ደስ ይለኛል። የዱባዩ አምልጦናል። ሄደው ካዩት ወዳጆቻችን ገሚሶቹ «በዕድሜያችን እንዲህ ያለ ነገር አላየንም» ሲሉን ገሚሶቹ ደግሞ «ትርፉ ወረፋና የእግር ሕመም ነው» ይሉናል። የቱን እንመን? ለአንድ ቀን ብቻ ብንሄድስ ምን ምን ብናይ ይሻላል?
ወ.፣ ከሪያድ

መልስ፦ ውድ እኅታችን፣ ሁለቱም ወገኖች የነገሯችሁ እውነቱን ነው። የገቡት በአንድ በር ሆኖ ሳለ ቀኑን ያዋሉት ግን በተለያየ መንገድ ነው፤ ስለዚህ የእርስዎም ቀን ከሁለቱ አንዱን የሚመስለው ከቤት ከመውጣታችሁ በፊት በምታደርጉት ምርጫ ይሆናል።

አስቀድመን ነገሩ ምን እንደሆነ በአጭሩ እንግለጽ። የዓለም ኤክስፖ አገሮች የየራሳቸውን ፓቪሊዮን፣ ማለትም የማሳያ ቤት፣ አሰናድተው ታሪካቸውን፣ የእጅ ሥራቸውን፣ ሳይንሳቸውንና የነገ ሐሳባቸውን ለእንግዳ የሚያሳዩበት ዝግጅት ነው። መነሻው በ1851 ለንደን ሃይድ ፓርክ ውስጥ ከብረትና ከመስተዋት በተሠራው ክሪስታል ፓላስ የተካሄደው ታላቁ ኤግዚቢሽን ሲሆን፣ ዛሬ የሚመራው መቀመጫው ፓሪስ በሆነውና በ1928 በተፈረመ ስምምነት በተቋቋመው ዓለም አቀፍ የኤግዚቢሽኖች ቢሮ ነው። ታላላቆቹ ኤክስፖዎች በየአምስት ዓመቱ ይዘጋጃሉ፤ ከስድስት ወርም አያልፉም። ሪያድ የተመረጠችው ኖቬምበር 28 ቀን 2023 ፓሪስ ላይ በተሰጠ ድምፅ ሲሆን፣ 119 ድምፅ አግኝታ የኮሪያዋን ቡሳንንና የጣሊያኗን ሮምን አሸንፋለች። ዝግጅቱ ከኦክቶበር 1 ቀን 2030 እስከ ማርች 31 ቀን 2031፣ በእኛ አቆጣጠር ከመስከረም 21 እስከ መጋቢት 22 ቀን 2023 ዓ.ም. ይቆያል።

አሁን ወደ እግር ሕመሙ እንመለስ። የዱባዩ ኤክስፖ ከ4 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ በሆነ ቦታ ላይ የተዘረጋ ሲሆን 192 አገሮች ተካፍለውበታል። በእያንዳንዱ አገር ፓቪሊዮን ውስጥ አሥር ደቂቃ ብቻ ለመቆየት ቢያስቡ፣ ወረፋውና በመካከል ያለው መንገድ ሳይቆጠር 32 ሰዓት ያስፈልግዎታል። ይህን እያወቁ «ቲኬት ቆርጠናልና ሁሉንም ማየት አለብን» ብለው የገቡ ቤተሰቦች ማታ ሲወጡ በእጃቸው ያለው የበርና የሰንደቅ ዓላማ ፎቶግራፍ ነው። ልጆቹ ያለቅሳሉ፣ አባት ይቆጣል፣ አያት ወንበር ፍለጋ ይንከራተታሉ። ስለዚህ የመጀመሪያው ምክራችን፣ ለእኛ ከሁሉ የሚበልጠውም እሱ ነው፣ ለአንድ ቀን አራት ፓቪሊዮን ብቻ እንድትመርጡ ነው። አምስተኛው ትርፍ ነው፤ ጊዜ ከተገኘ ይታያል፣ ካልተገኘም የሚቆጭ የለም።

አራቱን እንዴት ትመርጣላችሁ? ከታላላቆቹ አንዱን ብቻ ያዙ። በየኤክስፖው ሕዝብ የሚረባረብባቸው ጥቂት ፓቪሊዮኖች አሉ። በ1970 በኦሳካ የአሜሪካ ፓቪሊዮን በአፖሎ 12 ከጨረቃ የመጣ ድንጋይ ሲያሳይ ሰዉ እሱን ለማየት ለሰዓታት ተሰልፏል። በዱባይም በ2025 በተደገመው የኦሳካ ኤክስፖም አዘጋጆቹ ይህን ለማቃለል ሰዓት በመተግበሪያ አስቀድሞ የሚያዝበትን አሠራር ዘርግተው ነበር። በሪያድም ተመሳሳይ አሠራር ከተዘረጋ ከቤተሰቡ አንድ ሰው፣ ምናልባትም አሥራ ሁለት ዓመት የሚሞላት ልጅዎ፣ ይህን ሥራ በኃላፊነት ትያዝ። በዚያ ዕድሜ ያለ ልጅ ሥልኩን ከእኛ ይልቅ ያውቀዋል፤ አደራ ሲሰጠውም ቀኑ የእሱ ይሆናል።

ሁለቱ ከትናንሾቹ አገሮች ይሁኑ። በእኛ እምነት የኤክስፖ እውነተኛ ሀብት ያለው እዚያ ነው። በታላላቆቹ ዘንድ እንግዳን የሚቀበለው ግዙፍ ስክሪን ነው፤ በትናንሾቹ ዘንድ ግን ከአገሩ የመጣ ሰው በር ላይ ቆሞ ይጠብቃችኋል፣ ሰላምታ ይሰጣችኋል፣ ልጅ ሲጠይቀውም ለመመለስ ጊዜ አለው። በአትላሱ ላይ ልጆችዎ የት እንዳለች የማያውቋትን አንዲት ደሴት አስቀድመው ያስመርጧቸው፤ በቤትም ሦስት ሦስት ጥያቄ ያዘጋጁ። ተጠያቂው ሰው ከቀኑ ሁሉ ይልቅ የእነሱን ጥያቄ እንደሚያስታውሰው አንጠራጠርም።

አራተኛው የኢትዮጵያ ይሁን። «የራሳችንን ምን እናያለን፣ እናውቀው የለም ወይ?» የሚሉ ወገኖች አሉ፤ እኛ በዚህ አንስማማም። በስደት ተወልዶ ላደገ ልጅ አገሩን ከዓለም አገሮች ተርታ ቆማ፣ የሌላው አገር ሰው ሊያያት ተሰልፎ ማግኘቱ በቤት ውስጥ የሚነገረው ሁሉ የማይተካው ነገር ነው። በዱባይ የኢትዮጵያ ፓቪሊዮን የድንቅነሽ፣ ዓለም ሉሲ የሚላት፣ አፅም ቅጂ ቀርቦ ነበር። ሰባት ዓመት የሚሆነው አንድ ልጅ አጠገቧ ቆሞ ከላይ እስከ ታች ካያት በኋላ ወደ እናቱ ዞሮ «ልጅ ናት ወይስ ትልቅ ሰው?» ሲል ጠየቀ። እናቱም ትልቅ ሰው እንደሆነች፣ ቁመቷ ግን ከአንድ ሜትር ብዙም እንደማይበልጥ ነገረችው። ልጁ ወዲያው ቀጥ ብሎ ቆመና እጁን ከራሱ አናት ላይ አድርጎ ወደ እሷ ለካ። ከኋላው የነበሩት የሌላ አገር ልጆችም አንድ በአንድ እየመጡ እንደሱ ተለካኩ። በ1974 ሐዳር ላይ የተገኘች፣ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠረች ፍጡር ለዚያ ሁሉ ልጅ ለጥቂት ደቂቃ የቁመት እኩያ ሆነችለት። ይህን የመሰለ ጊዜ እንዲገኝ ግን ቆም ማለት ያስፈልጋል።

ስለ ፓስፖርቱ አንድ ነገር እንጨምር። በ1967 በሞንትሪያል የመግቢያ ቲኬቱ ራሱ በፓስፖርት መልክ ተሠርቶ በየፓቪሊዮኑ ማኅተም ይመታበት ነበር። በዱባይም የኤክስፖው ፓስፖርት የተባለ ደብተር በ20 ድርሃም ይሸጥ ነበር። ልጆች እጅግ ይወዱታል፤ ግዙላቸው። ነገር ግን ማኅተሙ ዓላማ ሆኖ፣ አባትና ልጅ ገና በር ላይ «ማኅተሙ የት ነው?» ብለው ጠይቀው፣ አስመትተው፣ ምንም ሳያዩ ሲወጡ በተደጋጋሚ ይታያል። ልጆቹ ማኅተም የሚያስመቱት ማታ ለአያታቸው የሚነግሩት አንድ ነገር ካገኙ በኋላ ብቻ እንዲሆን ከወዲሁ ተስማሙ።

ስለ ወቅቱ ደግሞ በጥንቃቄ ማሰብ ይገባል። በኦክቶበር የሪያድ ቀን ገና ያቃጥላል፤ በዲሴምበርና በጃንዋሪ ግን ማታው ይቀዘቅዛል፣ ለልጆቹም ሹራብ፣ ለእናትዎም ጋቢ ያስፈልጋል። በኤክስፖው ወራት የሚገባው ረመዳን በግምት ከዲሴምበር መጨረሻ እስከ ጃንዋሪ መጨረሻ ግድም የሚውል ስለሆነ የገና በዓል የሚያርፈው በረመዳን ውስጥ ነው። በዚያ ወር በቀን በአደባባይ መብላትና መጠጣት ስለማይቻል፣ ትንሽ ልጅ ይዞ ለመሄድ ከኢፍጣር በኋላ ያለው ጊዜ ይሻላል። ጿሚ ከሆናችሁም የነቢያት ጾም ከኅዳር 15 እስከ ገና፣ ዐቢይ ጾም ደግሞ ከየካቲት 10 ጀምሮ እስከ ኤክስፖው መዝጊያና ከዚያም በኋላ ይዘልቃል። በዓረብ አገር ፉል፣ ፈላፈልና ሁሙስ የማይገኝበት ቦታ የለምና እናትዎ በጾም ምክንያት አይቸገሩም። ቢሆንም ጠግቦ መውጣትና ጥቂት ቆሎ መያዝ ወጪውንም ረሃቡንም ያቃልላል፤ ምግብ ማስገባት የተፈቀደ መሆኑን ግን የዚያን ጊዜውን ደንብ አይታችሁ አረጋግጡ።

ጾም ወይም ረመዳን ባይሆንም እንኳ ከሰዓት በኋላ ገብቶ ማታ መውጣትን እንመርጣለን። የዱባዩ ኤክስፖ ማዕከል የነበረው የአል ወስል አደባባይ ግዙፍ ጉልላት ሲመሽ በሙሉ ወደ ስክሪንነት ተለውጦ በብርሃንና በምስል ይሸፈን ነበር፤ ጠዋት ገብተው ከሰዓት የወጡ ቤተሰቦች ያ ሁሉ አምልጧቸዋል። መኪናችሁን ተዉት። ሪያድ ሜትሮ በ2024 መጨረሻ ሥራ ጀምሯልና፣ ማቆሚያ ፍለጋ ከሚጠፋው ሰዓትና ከማቆሚያው እስከ በር ካለው መንገድ ይገላግላችኋል።

ስለ እናትዎ የምንለው ሁለት ነገር ነው። የመጀመሪያው፣ የቪዛውን ጉዳይ ወራት ቀደም ብሎ መጀመር ነው፤ መክፈቻው ሲቀርብ ጠያቂው ይበዛል። ሁለተኛው፣ እርሳቸው በሚደክማቸው ጊዜ ቤተሰቡ ሁሉ እንዲያርፍ እንጂ «እርስዎ እዚህ ይቀመጡ፣ እኛ አይተን እንመጣለን» እንዳይባሉ ነው። በየሁለት ሰዓቱ ተቀመጡ። ዊልቸር ካለ «አልደረስኩበትም» ቢሉም ለምኗቸው፤ በእንደዚህ ያለ ስፋት ላይ የጤነኛ ሰው ጉልበትም ይዝላል። ስለ ክፍያ፣ በዱባይ ከ18 ዓመት በታች ያሉና 60 ዓመት የሞላቸው በነፃ ይገቡ ነበር። ያኔ የእናንተን የመሰለ ቤተሰብ ከሄደ የሚከፍሉት ባልና ሚስት ብቻ ነበሩ፣ የአንድ ቀን ቲኬቱም 95 ድርሃም ነበር። የሪያዱ ዋጋ ሲወጣ ይህ ዓይነት ፈቃድ መኖር አለመኖሩን ሳታረጋግጡ ቲኬት አትግዙ።

ልጅ መጥፋትን አቅልላችሁ አትዩት። በ1970ው የኦሳካ ኤክስፖ ከወላጆቻቸው የተለያዩት ሕፃናት በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ነበሩ። ጠዋት ከቤት ስትወጡ የትንሹን ልጅ ሙሉ ቁመና ፎቶግራፍ አንሱ፤ በድንጋጤ ጊዜ ወላጅ ልጁ የለበሰውን ቀለም ይረሳል። ሥልክ ቁጥራችሁን በክንዱ ላይ በማይለቅ ብዕር ጻፉ፣ ከጠፋም ከቆመበት እንዳይንቀሳቀስና የደንብ ልብስ የለበሰ ሠራተኛ እንዲጠራ በቤት አለማምዱት።

እስከዚያው የመለማመጃ ቀን ከፈለጋችሁ የዱባዩ ቦታ አልፈረሰም። ኤክስፖ ሲቲ ተብሎ እንደቀጠለ ነው፤ ስለ ተፈጥሮና ስለ አካባቢ ጥበቃ የሚያሳየው ቴራ የተባለው ፓቪሊዮን ለልጆች እጅግ የሚመከር ሲሆን ጎብኚው ከምድር በታች ባለ የዛፍ ሥር መካከል እንዲያልፍ ተደርጎ የተሠራ ነው።

ጥያቄ፦ የምኖረው ሞንትሪያል ነው። እዚህ ያሉ አንድ አዛውንት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1959 ዓ.ም. ለትልቅ ኤግዚቢሽን ወደዚህች ከተማ መጥተው እንደነበር፣ ኢትዮጵያም የራሷ ቤት እንደነበራት አጫወቱኝ። ልጆቼ አላመኑም። እውነት ነው? አሁን ወስጄ የማሳያቸው ቅሪት ይገኛል?
ተ.፣ ከሞንትሪያል

መልስ፦ አዛውንቱ የነገሩዎት እውነት ነው፤ ልጆችዎን ይዘው ሄደው ቢያመሰግኗቸው ደስ ይለናል። ኤክስፖ 67 ከኤፕሪል 28 እስከ ኦክቶበር 29 ቀን 1967 ለሕዝብ ክፍት ሆኖ የቆየ ሲሆን፣ ከርእሰ ብሔሮች ሁሉ መጀመሪያ የጎበኙት ግርማዊነታቸው ናቸው። የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ደጎል መጥተው በከተማው አዳራሽ ሰገነት ላይ «ነፃ ኩቤክ ለዘላለም ትኑር» ያሉበትን ያን አወዛጋቢ ንግግር ያደረጉት ከዚያ በኋላ፣ በጁላይ ነው።

የኢትዮጵያ ፓቪሊዮን በድንኳን ቅርጽ የተሠራ ነበር። ይህ ለልጆችዎ ሊብራራላቸው ይገባል። በዚያ ኤክስፖ ላይ አብዛኞቹ ከሰሐራ በታች ያሉ የአፍሪካ አገሮች ነፃነታቸውን ካገኙ ገና ጥቂት ዓመት ስለነበር የአፍሪካ አደባባይ በተባለው አንድ የጋራ ሕንፃ ውስጥ ተጠግተው ሲያሳዩ፣ ኢትዮጵያ ለብቻዋ ቆማ ነበር። ሌሎቹን ለማሳነስ የምንለው አይደለም፤ የጋራ ሕንፃው ራሱ ነፃ የወጡ ሕዝቦች በራሳቸው አንደበት የተናገሩበት በመሆኑ ኩራት የሚገባው ነው።

ለጉብኝቱ የሜትሮውን ቢጫ መስመር ይያዙና ወንዙን በታች አቋርጠው ዣን ድራፖ ጣቢያ ይውረዱ። የቆማችሁበት የሴንት ሄለን ደሴት ለኤክስፖው ሲባል በአፈር እንዲሰፋ የተደረገ ሲሆን፣ አጠገቡ ያለው የኖትርዳም ደሴት ደግሞ ከነአካቴው በሰው እጅ የተፈጠረ ነው። ከአፈሩ ከፊሉ የመጣው ለሜትሮው ከተቆፈረው ዋሻ ነው። ይህን ለልጆቹ የሚነግሩበት ጥሩው ቦታ ባቡሩ ውስጥ ነው፤ የሚጓዙበት ዋሻና የሚወርዱበት ደሴት የአንድ ዘመን ሥራ መሆናቸውን ሲሰሙ ይገረማሉ። ኤክስፖው መጀመሪያ ለሞስኮ ተሰጥቶ ሶቪየት ኅብረት በ1962 በመተዋ ለሞንትሪያል የቀረው አምስት ዓመት እንኳ አልሞላም ነበር።

ከጣቢያው ስትወጡ የሚታየው ትልቁ ክብ የብረት መረብ ባክሚንስተር ፉለር የነደፈው የአሜሪካ ፓቪሊዮን ነበር። በ1976 እሳት ተነሥቶ ላዩን የሸፈነው ፕላስቲክ ሲነድ ብረቱ ብቻ ቀረ፤ ዛሬ ባዮስፌር የተባለ የአካባቢ ጥበቃ ሙዚየም ነው። ቀኑ ዝናባማ ከሆነ ጊዜያችሁን እዚያ አሳልፉ፣ ፀሐይ ከሆነ ግን በእግር ወደ አሌክሳንደር ካልደር ግዙፍ የብረት ቅርፃ ቅርፅ ሂዱ። የፈረንሳይ ፓቪሊዮን ካሲኖ ሆኗልና ለልጆች አይሆንም። ሞሼ ሳፍዲ ከ354 የኮንክሪት ሣጥኖች ደራርቦ የሠራው ሀቢታት 67 እስካሁን ሰዎች የሚኖሩበት ቤት ስለሆነ ከሩቅ ማየቱ ይበቃል።

የኢትዮጵያ ድንኳን ግን የለም፤ አብዛኞቹ ፓቪሊዮኖች ለስድስት ወር ብቻ የተሠሩ ስለነበሩ ፈርሰዋል። ሆኖም የካናዳ ቤተ መጻሕፍትና ቤተ መዛግብት የኤክስፖውን ፎቶግራፎች ይዟል። ከመሄዳችሁ በፊት የፓቪሊዮኑን ፎቶግራፍና የዘመኑን ካርታ አትማችሁ ያዙ፤ ቦታውን ራሳቸው ልጆቹ ይፈልጉት። አዛውንቱ በእግራቸው መሄድ የሚችሉ ከሆነም ይጋብዟቸው፤ ያን ዘመን በራሳቸው አንደበት የሚነግሩ እሳቸው ስለሆኑ።

ጥያቄ፦ ብራስልስ ነው የምኖረው። ልጆቼ አቶሚየም የተባለውን ግዙፍ የብረት ሕንፃ እንድናይ ይወተውቱኛል። እኔ ግን ያ ቦታ ኮንጎዎችን በአጥር ውስጥ አስገብተው ያሳዩበት የኤክስፖ ሥፍራ ነው ሲባል ሰምቼ እግሬ እሺ አላለኝም። የአሥራ አንድና የዘጠኝ ዓመት ልጆች ናቸው። ልውሰዳቸው? ይህንንስ ልንገራቸው?
መ.፣ ከብራስልስ

መልስ፦ የሰሙት እውነት ነው። በ1958ቱ የብራስልስ ኤክስፖ፣ አቶሚየም በተሠራበት በዚያው በሄይዘል፣ ከቤልጅግ ኮንጎ የመጡ ሰዎች የእጅ ሥራቸውን እየሠሩ በአንድ የ«መንደር» ትርኢት ውስጥ እንዲታዩ ተደርጎ ነበር። ጎብኚዎች ይሣለቁባቸው፣ እንደ እንስሳም ምግብ ይወረውሩላቸው ነበር። ሰዎቹ ይህን አልተቀበሉም፤ ኤክስፖው ሳያልቅ ጥለው ወጡ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ጁን 30 ቀን 1960፣ ኮንጎ ነፃ ወጣች።

ከዚያ በፊት የሆነው ደግሞ የከፋ ነው። በ1897 በተካሄደው የብራስልስ ኤክስፖ የንጉሥ ሌዎፖልድ የቅኝ ግዛት ክፍል የተዘጋጀው ከከተማው ወጣ ብሎ በቴርቩረን ነበር። 267 ኮንጎዎች ለማሳያነት ተወስደው ከመካከላቸው ሰባቱ በሕመም ሞቱ። በዚያው በቴርቩረን፣ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ተቀብረዋል፤ መቃብራቸው ዛሬም አለ።

ይህ የኤክስፖ ታሪክ አካል ነው። አፍሪካዊ እናት ወይም አባት ከልጆቹ ጋር በዚያ ሜዳ ላይ ሲቆም ልቡ የሚከብደውም በከንቱ አይደለም። ሆኖም መቅረትን አንመክርም። ልጆችዎ በትምህርት ቤት ጉብኝትም ሆነ በጓደኛ ልደት አንድ ቀን መሄዳቸው አይቀርም፤ ያን ጊዜ የሚሰሙት ስለ ቁመቱና ስለ ሊፍቱ ብቻ ነው። ከእርስዎ ጋር ሲሄዱ ግን ሁለቱንም ያያሉ። ለሁለቱም በዕድሜያቸው መጠን ይንገሯቸው። ለዘጠኝ ዓመቱ «ሰዎችን እንደ ዕቃ አሳይተዋቸው ነበር፣ እነሱም እምቢ ብለው ሄዱ» ማለት በቂ ነው፤ ለአሥራ አንዱ ግን መቃብሮቹን ማሳየት ይቻላል። እምቢ ማለታቸውን በምንም መንገድ እንዳይተዉት አደራ እንላለን፤ ልጁ የሚሰማው ውርደቱን ብቻ ከሆነ ታሪኩ ተጎድሎ ነው የደረሰው።

አቶሚየም እንደ ሥራ ሲታይ በእውነት የሚደነቅ ነው። መሐንዲሱ አንድሬ ዋተርኬን የብረትን ክሪስታል 165 ቢሊዮን ጊዜ አጉልቶ፣ በዘጠኝ ክብ አካል አድርጎ፣ 102 ሜትር አቁሞታል። ለኤክስፖው ስድስት ወር ብቻ እንዲቆም ታስቦ የተሠራ ነበር። በክቦቹ መካከል ያለው ረጅም ተንቀሳቃሽ ደረጃ፣ ከላይኛው ክብ የሚታየው የከተማው ገጽታ፣ ከታችኞቹ በአንደኛው ያለው የ1958 ፎቶግራፍና ሰነድ ልጆችን ይይዛቸዋል። የ1958ቱን ታሪክ የሚነግሯቸው ከዚያ ክፍል ውስጥ ሆነው ቢሆን ይመረጣል።

ቴርቩረንን በሌላ ቀን ያድርጉት፤ በአንድ ቀን ሁለቱ ለልጅ ይከብዳል። ከሞንትጎመሪ ተነሥቶ በደን ውስጥ የሚያልፈው 44 ቁጥር ትራም ያደርሳችኋል፣ መንገዱም ራሱ ሽርሽር ነው። በዚያ ያለው የአፍሪካ ሙዚየም ለዓመታት ታድሶ በዲሴምበር 2018 ዳግም ሲከፈት የቅኝ ግዛቱን ዘመን በአዲስ ዓይን ለማሳየት ሞክሯል። ሙከራው በቂ ነው የማይሉ አፍሪካውያን አሉ፤ ትልቁን ልጅ «አንተስ ምን ትላለህ?» ብለው ቢጠይቁት መልካም ነው። መቃብሮቹ ከሙዚየሙ በእግር የሚደረስባቸው ናቸው። አበባ ለማኖር ካሰባችሁ ከከተማ ይዛችሁ ሂዱ፤ ሙዚየሙ ሰኞ ዝግ ነውና ጉዟችሁ ቅዳሜ ወይም እሑድ ይሁን።